ኃይሉ የት ገባ?

የሞዴል አውሮፕላን ሠሪ፣ ያበጀው አውሮፕላን ከመሬት ለመነሣት ሲያመነታ፣ ከተነሣም በኋላ ሽቅብ መውጣት ሲያቅተው፣ ቀድሞ የሚመጣለት ሐሳብ ይታወቃል፤ ይጨመርበት። ሰፋ ያለ ፕሮፔለር ይገጠምለት፣ ባትሪው ላይ አንድ ሴል ይታከል፣ ወይም ሞተሩ ፈጥኖ በሚሽከረከር ይለወጥ። ሦስቱም መፍትሔዎች ይሠራሉ፤ ሦስቱም ሞተር አቃጥለው ያውቃሉ። ለምን አንዳንዴ እንደሚያበሩ፣ ለምን አንዳንዴ እንደሚያቃጥሉ የመረመረ ሰው ከትርፍ ጊዜ ሥራው አልፎ ስለ ኃይል ምንነት ማሰብ ይጀምራል። ኃይል የማን ነው? የሞተሩ ነው? የባትሪው? የፕሮፔለሩ? ወይስ የአየሩ?

ሞተር ሲሸጥ ቁጥር ተጽፎለት ነው፤ 300 ዋት፣ 500 ዋት። ገዢው ቁጥሩን አንብቦ ያን ያህል ኃይል በእጁ የገባ ይመስለዋል። ያው ሞተር ፕሮፔለር ሳይገጠምለት በሙሉ ቮልቴጅ ቢሽከረከር ግን የሚወስደው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ነው። ትንሽ ፕሮፔለር ሲገጠምለት ትንሽ ይወስዳል፤ ትልቅ ሲገጠምለት ብዙ ይወስዳል። ከልክ ያለፈ ሲገጠምለት ደግሞ «በቃኝ» ማለት አይችልምና ሽቦው እስኪጨስ ድረስ ይወስዳል። ስለዚህ የተጻፈው ቁጥር ሞተሩ ሳይቃጠል ሊሸከም የሚችለውን ይናገራል፤ በዕለቱ የሚሠራውን አይናገርም። አርስቶትል በሜታፊዚክስ መጽሐፉ ሊሆን የሚችለውንና ሆኖ የተገኘውን ለይቶ ያስቀምጣል። የሞተሩ ቁጥር ከመጀመሪያው ወገን ነው።

ጠያቂው ፕሮፔለሩ ነው። ሞዴል ሠሪዎች የሚጠቀሙበት የታወቀ ስሌት እንደሚያሳየው፣ በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት (ፒቹ) ያልተለወጠ ፕሮፔለር የሚጠይቀው ኃይል ከዙሩ ፍጥነት ጋር በሦስተኛ ርቢ፣ ከዲያሜትሩ ጋር በአራተኛ ርቢ ያድጋል። 10 ኢንች የነበረው በ11 ኢንች ሲተካ፣ ዙሩ ካልቀነሰ፣ የሚጠየቀው ኃይል በ46 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እያንዳንዱ ክንፉ የረዘመው ግን ግማሽ ኢንች ብቻ ነው። ባለ ሦስት ሴሉ ባትሪ ባለ አራት ሲሆን ደግሞ ቮልቴጁ በሲሶ ያድጋል፤ ፕሮፔለሩ ሳይለወጥ ዙሩም በሲሶ ቢያድግ የሚጠየቀው ኃይል 2.37 እጥፍ ይደርሳል። ሠሪው የጨመረው ሲሶ፣ የተጠየቀው ከእጥፍ በላይ።

ሞተሩ ላይ ሌላም ቁጥር አለ፤ ኬቪ ይባላል። ሞተሩ ያለ ሸክም ለእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ያመለክታል። 1,000 ኬቪ የሆነ ሞተር በ11.1 ቮልት ወደ 11,100 ዙር ይጠጋል። ጀማሪ ይህን ቁጥር የብርታት ምልክት አድርጎ ያየዋል። ነገር ግን ያው ብረት፣ ያው ማግኔት፣ በቀጭን ሽቦ ብዙ ጊዜ ቢጠመጠም ኬቪው ይወርዳል፤ በወፍራም ሽቦ ጥቂት ጊዜ ቢጠመጠም ይወጣል፤ ሊሸከም የሚችለው ኃይል ግን ብዙም አይለወጥም። ኬቪ የምንዛሪ ተመን ነው፤ ቮልት ወደ ዙር፣ አምፔር ወደ መጠምዘዝ ጉልበት የሚመነዘርበት። በተመን ለውጥ ብቻ ሀብት እንደማይፈጠር ሁሉ፣ በኬቪ ለውጥ ብቻ ኃይል አይፈጠርም።

ታዲያ ገደቡ የት ነው? ገደቡ ሙቀት ነው። ይህ ሙቀት የሚያድግበትን ሕግ ያገኘው ሰው ታሪክም ከዚሁ ጥያቄ ይጀምራል። እንግሊዛዊው ጄምስ ፕሬስኮት ጁል የቢራ ጠማቂ ልጅ ነበር። በወጣትነቱ፣ በ1830ዎቹ መጨረሻ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የእንፋሎት ሞተርን የሚተካ ኤሌክትሪክ ሞተር ለመሥራት ይደክም ነበር። ፍላጎቱ ዛሬ ሞዴል ሠሪው ከሚፈልገው አይለይም፤ ከሞተሩ ብዙ ማግኘት። ባትሪው የሚበላው ዚንክ ከከሰል ጋር ሲነጻጸር ዋጋው የማይቀመስ መሆኑን ሲረዳ ተስፋው ቀዘቀዘ። ፍለጋው ግን ስሙ የሚጠራበትን ሕግ አስገኘ፤ ኤሌክትሪክ በሽቦ ሲያልፍ የሚፈጠረው ሙቀት በኤሌክትሪኩ መጠን ካሬ ያድጋል።

የካሬውን ጭካኔ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ባትሪውን፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያውንና ሞተሩን ጨምሮ በመንገዱ ሁሉ ያለው ተቃውሞ፣ ባለሙያዎች ሬዚስታንስ የሚሉት፣ 0.05 ኦም ነው እንበል፤ ባትሪውም ሸክም ሳይነካው 10 ቮልት ያለው ነው። 20 አምፔር ሲያልፍ 200 ዋት ይወጣል፤ ከዚያ 20ው ሙቀት ይሆናል። 40 አምፔር ሲያልፍ 400 ዋት ይወጣል፤ ሙቀቱ ግን 80 ነው። የተወሰደው እጥፍ ሆነ፣ የባከነው አራት እጥፍ። ቀደም ሲል ያየነውን አንድ ሴል መጨመር በዚህ ስሌት ብንመዝነው፣ ፕሮፔለሩ ካልተቀየረ አምፔሩ 1.78 እጥፍ፣ ሙቀቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ነገር ግን ያው አራተኛ ሴል ኬቪው ዝቅ ካለ ሞተር ጋር ተጣምሮ ያንኑ ኃይል እንዲሰጥ ቢደረግ፣ አምፔሩ ወደ ሦስት አራተኛ፣ በሽቦው ውስጥ የሚባክነው ሙቀት ወደ 56 በመቶ ይወርዳል። አንዱ ጭማሪ፣ እንደ አጠቃቀሙ፣ አጥፊም አዳኝም ነው። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያው ሱስዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋው መስመር በ500 ኪሎ ቮልት የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቮልቴጁ ሲወጣ አምፔሩ ይቀንሳል፣ በመንገድ የሚቀረውም ያንሳል።

ስሌቱን ትንሽ ገፋ ብናደርገው ወደ ጉዳዩ እምብርት ይወስዳል። በዚያው ባትሪ 100 አምፔር ቢወሰድ 1,000 ዋት ይወጣል፤ 500ው ሥራ፣ 500ው ሙቀት። 150 አምፔር ቢወሰድ ደግሞ 1,500 ዋት ወጥቶ 1,125ቱ ሙቀት ይሆንና ለፕሮፔለሩ የሚተርፈው 375 ብቻ ነው። አንድ ጫፍ አለ ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ የጠየቀ ያነሰ ያገኛል። ከጫፉ በፊትም ቢሆን ዋጋው እኩል አይደለም። በ20 አምፔር ከወጣው ዘጠኝ አሥረኛው ሥራ ይሠራል፤ በ40 ስምንት አሥረኛው፤ በ100 ግማሹ። እነዚህ ቁጥሮች በሞተሩ ብረት ውስጥ የሚባክነውን ሳይቆጥሩ ነው። እጅግ ብዙ የሚገኝበት ነጥብና እጅግ በአግባቡ የሚገኝበት ነጥብ ለየቅል ናቸው።

ይህን ጫፍ ቀድሞ ያመለከተው ሞሪትዝ ሄርማን ያኮቢ ነው። በፖትስዳም የተወለደው ይህ መሐንዲስ በ1838 በሴንት ፒተርስበርግ ከአሥር በላይ ሰዎች የጫነች ጀልባ በኤሌክትሪክ ሞተር በኔቫ ወንዝ ላይ አስኬደ። ከምንጩ የሚገኘው ኃይል ከሁሉ የሚበልጠው በምንጩ ውስጥ ያለው ተቃውሞና ከውጭ ያለው ሸክም ሲተካከሉ ነው የሚለው ሕግ በስሙ ይጠራል። ሕጉ ትክክል ነው። ከሕጉ የተወሰደው ትምህርት ግን ለአሥርት ዓመታት ስሕተት ሆኖ ኖረ። ብዙ የተማሩ ሰዎች «ከግማሽ በላይ የሚያተርፍ የኤሌክትሪክ ማሽን ሊኖር አይችልም» ብለው ደመደሙ፤ ትልቁን ኃይል የሚሰጠው ነጥብ ከሁሉ የተሻለው ነጥብ መስሏቸው ነበር። ቶማስ ኤዲሰንና የሒሳብ ሰው የነበረው ረዳቱ ፍራንሲስ አፕተን በ1870ዎቹ መጨረሻ የራሳቸውን ጄኔሬተር ሲሠሩ ከዚህ እምነት ወጡ። ከማሽኑ የሚቻለውን ሁሉ ከመጭመቅ ይልቅ በማሽኑ ውስጥ የሚቀረውን ማሳነስን መረጡ፤ የጄኔሬተሩን የውስጥ ተቃውሞ ከውጩ ሸክም እጅግ ዝቅ አደረጉት። ከወጣው ኃይል አብዛኛው ወደ መብራቶቹ ደረሰ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ማንም የሒሳብ ስሕተት አልሠራም። የተሳተው ጥያቄው ነው። «ስንት ማውጣት ይቻላል?» የሚል ሰው አንድ መልስ ያገኛል፤ «ከወጣው ስንቱ ወደታሰበበት ደረሰ?» የሚል ሌላ። ሁለቱም በአንድ ቀመር ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ቀመሩ ግን የትኛውን መጠየቅ እንደሚገባ አይነግርም። ያንን የሚወስነው ሰው ነው፤ ለመወሰንም ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

የኤሌክትሪክ በረራ ታሪክ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መካከል ሲመላለስ የኖረ ነው። በነሐሴ 1884 የፈረንሳይ ጦር መኮንኖቹ ሻርል ሬናርና አርተር ክሬብስ «ላ ፍራንስ» በተባለችው ሰው ጫኝ ፊኛ 8 ኪሎ ሜትር በ23 ደቂቃ ተጉዘው ወደ ተነሡበት ተመለሱ። ሞተሯ 8.5 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ባትሪዋ 435 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር። ዛሬ ከ200 ግራም የማይበልጥ ባለ ሦስት ሴል ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ 400 ዋት ለደቂቃዎች ያለ ችግር ይሰጣል። በመካከሉ ብዙ ትዕግሥት አለ። በሰኔ 1957 እንግሊዛዊው ኮሎኔል ታፕሊን «ሬዲዮ ኩዊን» የተባለችውን ሞዴል በብርና ዚንክ ባትሪ አበረሩ፤ በሬዲዮ የሚመራ የኤሌክትሪክ ሞዴል በረራ ተብሎ የተመዘገበው የመጀመሪያው ይህ ነው። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ፍሬድ ሚሊትኪ ነጻ በራሪ የኤሌክትሪክ ሞዴል አስነሣ። ሚሊትኪ በሞዴል አልቆመም፤ በጥቅምት 1973 የእርሱ ንድፍ የሆነው ኤምቢ-ኢ1 አብራሪውን ሃይኖ ብርዲችካን ይዞ በኦስትሪያዋ ቬልስ በኤሌክትሪክ ተነሣ።

ባትሪው ሲሻሻል የተሻሻለው ክምችቱ ብቻ አይደለም። 11.1 ቮልትና 2,200 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 24.4 ዋት ሰዓት ይይዛል። በወረቀት ላይ ይህ 24 ዋት ለአንድ ሰዓት፣ ወይም 244 ዋት ለ6 ደቂቃ ነው። ክምችቱ አንድ ነው፤ ኃይል የሚባለው የሚወጣበት ፍጥነት ነው። ስለዚህ ከአንድ ባትሪ «ብዙ ኃይል» የሚፈልግ ሰው ሳያውቀው ያነሰ ጊዜ እየጠየቀ ነው፤ ያም ጊዜ፣ ከካሬው ሕግ የተነሣ፣ ወረቀቱ ከሚለው ይበልጥ ያጥራል።

ብዙ ሞዴል ሠሪዎች ይህን የሚማሩት ከዋት መለኪያ ነው። በባትሪውና በመቆጣጠሪያው መካከል የሚገባ ትንሽ ሳጥን ቮልቱን፣ አምፔሩንና ዋቱን ያሳያል። ሙሉ የሆነ ባለ ሦስት ሴል ባትሪ ሳይነካ 12.6 ቮልት ያሳያል። ሞተሩ 40 አምፔር ሲስብ 10.5 ላይ ከወደቀ፣ የጠፋው 2.1 ቮልት በ40 ሲባዛ 84 ዋት ነው። ይህ ኃይል ወደ ሞተሩ ሳይደርስ በባትሪው ውስጥና በሽቦው ላይ ሙቀት ሆኖ ቀርቷል። መድኃኒቱ ትልቅ ሞተር አይደለም፤ ውስጡ ያልደከመ ባትሪ፣ አጭርና ወፍራም ሽቦ፣ በንጽሕና የተበየደ መጋጠሚያ ነው። ምንም ያልተጨመረበት አውሮፕላን ከዚያ በኋላ የተሻለ ይወጣል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ምሳሌ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በብዙ አገሮች በጠረጴዛ ላይ የተሠራው ሥራ ነው። የሞዴል አፍቃሪዎች ከተጣሉ የሲዲ ማጫወቻዎች ውስጥ ሲዲውን የሚያሽከረክረውን ትንሽ ሞተር አወጡ። ያ ሞተር የተሠራው ቀላል ዲስክ ለማሽከርከር ነበር። ፋብሪካው የጠመጠመውን ቀጭን ሽቦ ፈቱት፤ በምትኩ ወፍራም የመዳብ ሽቦ በየጥርሱ ላይ፣ ክፍተት እንዳይኖር፣ በእጃቸው ጠመጠሙ። ደካማውን ማግኔት አውጥተው በኒዮዲሚየም ማግኔት ተኩት። ኒዮዲሚየም ማግኔት በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጃፓኑ ሱሚቶሞና በአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ለየብቻ የተገኘ ነው። ማግኔቱ ሲበረታ ያንኑ የመጠምዘዝ ጉልበት ለማግኘት ጥቂት አምፔር ይበቃል፤ ሽቦው ሲወፍር ያው አምፔር በቀላሉ ያልፋል። በኪስ የሚገባው ሞተር አውሮፕላን መጎተት ጀመረ።

እነዚህ ሰዎች ተጨማሪ ኃይል አገኙ፤ ያገኙትም መንገዱን በመጥረግ ነው። በጥርሶቹ መካከል የነበረው ባዶ ቦታ መዳብ ቢሞላበት ኖሮ ኃይል ይሆን ነበር፤ አልተሞላምና ሙቀት ሆኖ ይባክን ነበር። እያንዳንዱን ዙር በጣቱ ያጠበቀ ሰው ብክነት የሚባለውን ነገር ቦታ ያለው፣ የሚነካ፣ የሚቀነስ ነገር አድርጎ ያውቀዋል። ይህ ዕውቀት ውድ ሞተር ገዝቶ ከመግጠም የሚለይ ዕውቀት ነው፤ ሊከበርም ይገባዋል።

ኃይሉ ሞተሩን ካለፈ በኋላም መንገዱ አላለቀም። የመጨረሻው ተቀባይ አየር ነው። ዊልያም ራንኪን በ1865፣ በኋላም ሮበርት ኤድመንድ ፍሩድ ያበጁት ንድፈ ሐሳብ እንደሚለው፣ አውሮፕላኑ በቆመበት ፕሮፔለሩ ያንኑ ግፊት እየሰጠ ዲያሜትሩ እጥፍ ቢሆን የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ኃይል በግማሽ ይቀንሳል። ብዙ አየርን በዝግታ መግፋት ጥቂት አየርን በጥድፊያ ከመግፋት ይረክሳል። ስለዚህ ኬቪው ዝቅ ያለ ሞተር ትልቅ ፕሮፔለርን በዝግታ ሲያዞር፣ ዋት መለኪያው ላይ ምንም ሳይለወጥ፣ አውሮፕላኑ በበለጠ ጉልበት ሽቅብ ይወጣል። ለፈጣን አውሮፕላን ግን ይህ አይሠራም፤ ከፕሮፔለሩ ወደ ኋላ የሚሄደው አየር ከአውሮፕላኑ ካልፈጠነ መግፋት የሚባል ነገር የለም።

አየሩም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። እዚህ ያው ፕሮፔለር በዚያው ዙር ሲዞር የሚጠይቀው ኃይልም የሚሰጠው ግፊትም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ነዳጅ የሚያነድ ሞተር ኦክስጅን ስለሚያጥረው ራሱ ይደክማል፤ ኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስምና ጉልበቱ እንዳለ ነው፤ የጎደለው የሚይዘው አየር ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አምፔር ያበዛ የነበረ ሰፊ ፕሮፔለር በደጋ ላይ ልኩ ሊሆን ይችላል። ከሌላ አገር የተገዛ ጥቅል ላይ «ይህን ፕሮፔለር ግጠም» የሚለው መመሪያ የተጻፈው ለሌላ አየር ነው።

እስከዚህ ድረስ የተነሣው ሁሉ ኃይልን ሳያባክኑ ስለማድረስ ነው። ፖል ማክሬዲ ግን ጥያቄውን ከሥሩ ገለበጠው። በልጅነቱ የሞዴል አውሮፕላን ውድድር አሸናፊ የነበረው ይህ አሜሪካዊ፣ በሰው ጉልበት ብቻ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ሠርቶ ለሚበር አውሮፕላን የተዘጋጀውን የ50,000 ፓውንድ የክሬመር ሽልማት ለማግኘት በ1970ዎቹ ተነሣ። ሌሎች ቡድኖች የሚያምሩ፣ ለስላሳ፣ ውስብስብ አውሮፕላኖች ሠርተው ነበር። ማክሬዲ የጠየቀው የሰውን ጉልበት እንዴት እንደሚጨምር አልነበረም፤ ለመብረር የሚያስፈልገውን ጉልበት ሰው እስኪደርስበት ድረስ እንዴት እንደሚያወርድ ነበር። ክብደት ሳይጨመር ክንፍ ቢሰፋ በዝግታ መብረር ይቻላል፤ በዝግታ የሚበር ጥቂት ኃይል ይበቃዋል። «ጎሳመር ኮንዶር» ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር፣ ክብደቷ 32 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። በነሐሴ 1977 ብሪያን አለን ፔዳሏን እየመታ ሽልማቱን አሸነፈ።

ከዚያ የመጣው ለዚህ ጽሑፍ ከሁሉ ይበልጥ ይቀርባል። በ1980 የማክሬዲ ቡድን «ጎሳመር ፔንግዊን» የተባለች አውሮፕላን ሠራ። የፀሐይ ሰሌዳዎቿ 541 ዋት የሚሰጡ ነበሩ፤ ሞተሯ ደግሞ ሮበርት ቡሼ የሠራው፣ ለሞዴል አውሮፕላን የሚሸጠው አስትሮ 40 ነበር። በካሊፎርኒያ የመጀመሪያዎቹን በረራዎች ያደረገው የማክሬዲ ልጅ ማርሻል ነው፤ ዕድሜው 13፣ ክብደቱ 36 ኪሎ ግራም ገደማ። ሌላው ሞዴል ሠሪ ለአሻንጉሊት የማይበቃ ነው ብሎ ሊቀይረው ይችል የነበረ ሞተር ልጅ ተሸክሞ ተነሣ። በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ «ሶላር ቻሌንጀር» ያለ ምንም ባትሪ፣ በፀሐይ ብቻ፣ ከፈረንሳይ ተነሥታ የእንግሊዝን ሰርጥ ተሻግራ 262 ኪሎ ሜትር በረረች። ማክሬዲ የመሠረተው ኤሮቫይረንመንት ኩባንያ፣ እርሱ ካረፈ ከዓመታት በኋላ፣ በሚያዝያ 2021 በማርስ ላይ የተነሣችውን «ኢንጀኒዊቲ» ከናሳ ጋር ሠርቷል። የማርስ አየር እፍጋት የምድር አንድ በመቶ ገደማ ነው፤ 1.8 ኪሎ ግራም የሆነችው ሄሊኮፕተር 1.2 ሜትር ስፋት ባላቸው ቀላል ክንፎች ተነሣች።

«ታዲያ ብዙ መፈለግ ስሕተት ነው?» የሚል ሰው መልስ ይገባዋል። አይደለም። በምሰሶዎች ዙሪያ የሚሽቀዳደም አውሮፕላን፣ ወይም በፕሮፔለሩ ብቻ ተንጠልጥሎ አየር ላይ የሚቆም፣ ከሞተሩ የሚቻለውን ሁሉ የሚፈልግ ነው። አብራሪው ሙቀቱን አውቆ ይከፍላል፤ ሩጫው አጭር ስለሆነ ሽቦው ሳይቃጠል፣ ማግኔቱም ግሎ ጉልበቱን ሳያጣ ማረፍ ይችላል። ልዩነቱ ማወቁ ላይ ነው። ወደ ጫፉ እየተጠጋ መሆኑን የሚያውቅ ሰውና ጫፉን አልፎ እየወረደ «ይጨመርበት» የሚል ሰው በመቆጣጠሪያ ዘንጋቸው አይለዩም፤ ሁለቱም እስከ መጨረሻው ገፍተውታል።

ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ኤፍ5ጄ ለሚባለው የኤሌክትሪክ ግላይደር ውድድር ያወጣው ደንብ ይህን ምርጫ በግልጽ ለአብራሪው ይሰጠዋል። ሞተሩ የሚሠራው ቢበዛ ለ30 ሰከንድ፣ የሚበረው ለ10 ደቂቃ ነው። ለእያንዳንዱ የበረራ ሰከንድ አንድ ነጥብ ይገኛል። አውሮፕላኑ በሞተር የደረሰበት ከፍታ ግን በመሣሪያ ይመዘገባል፤ እስከ 200 ሜትር ለእያንዳንዱ ሜትር ግማሽ ነጥብ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ሜትር ሦስት ነጥብ ይቀነሳል። በ60 ሜትር ያጠፋ 30 ነጥብ ይከፍላል፤ በ250 ያጠፋ 250። ያም ሆኖ ተወዳዳሪዎቹ ደካማ ሞተር አይገጥሙም። ብርቱ ሞተር ይገጥሙና 30ውን ሰከንድ ሽቅብ ከመውጣት ይልቅ ዝቅ ብለው ወደ ሩቅ ለመሄድ ይጠቀሙበታል፤ ሞቃት አየር ሽቅብ እየወጣበት ነው ብለው ወደገመቱት ስፍራ። ዘንጉን የሚመልሱት እዚያ ሲደርሱ ነው፤ የቀረውን 9 ደቂቃ ተኩል የሚሸከማቸው ሞተሩ ሳይሆን ያ አየር ነው፣ ግምታቸው ትክክል ከሆነ።